ቤት የራስ፤ በር የሰው

የሰው ልጅ ንብረቱን ሁሉ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይይዛል። ወይ በእጁ አድርጎ ያኖረዋል፤ ወይም ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ ሲፈልገው እየሄደ ይጠይቃል። በእጁ ያደረገ ሰው መጠበቅና መድከም አለበት፤ አደራ የሰጠ ሰው ደግሞ ደጅ መጥናት አለበት። «ሦስተኛ መንገድ አግኝተናል፤ ድካምም ደጅ ጥናትም የለበትም» የሚሉ ሰዎች ግን በየዘመኑ ይነሣሉ። የእንደነዚህ ያሉትን ሰዎች ቃል በጥሞና መመርመር ለተማረ ሰው ሁሉ ግዴታ ነውና፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ እንዲህ ያለ ተስፋ ምን እንደ ነበረ፣ ምን መልካም ነገር እንደ ነበረበትና በምን እንደ ወደቀ ለመተቸት አስባለሁ።

ተስፋውም «ማንኛውም ሰው በኮምፒውተሩ ላይ ባለው ብራውዘር ውስጥ የግሉ የሆነ የድረ ገጽ ሰርቨር ሊኖረው ይችላል» የሚል ነው። ነገሩን የሠራው መቀመጫውን በኖርዌይ አገር በኦስሎ ከተማ ያደረገ ኦፔራ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ለሕዝብ ያሳየውም ሰኔ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009) ነው። ስሙንም ኦፔራ ዩናይት አለው፤ ዩናይት ማለት መተባበር፣ አንድ መሆን ማለት ነው።

መቼም «በሩቅ አገር ተሠርቶ በሩቅ አገር ለቀረ ነገር እዚህ ንፋስ መውጫ ላይ ሆኖ ወረቀት ማበላሸት ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። መልሴ ቀላል ነው። የጉናን ተራራ ነፋስ ተከናንበን የምንኖር የጋይንት ሰዎች ብንሆንም፣ ስልክ ያልያዘ ወጣት ዛሬ በከተማችን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ደግሞ ፎቶግራፉን፣ ደብዳቤውንና ጽሑፉን ከላይ ካልኋቸው ከሁለቱ በአንዱ መንገድ ማኖሩ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ጥያቄው የእርሱም ጥያቄ ነው። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዕድሜዬን በመምህርነት አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ መምህራኖቼ አንድ ነገር አስተምረውኛል፤ ይኸውም ዕቃን ከማድነቅ በፊት ገልብጦ ታችኛውን ማየት ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። አንድ ኮምፒውተር ሰርቨር ተባለ ማለት፣ ሌሎች ኮምፒውተሮች «ይህን ጽሑፍ ስጠኝ፤ ያን ሥዕል አሳየኝ» ብለው ሲጠይቁት ለመስጠት ነቅቶ የሚጠብቅ ሆነ ማለት ነው። ብራውዘር ግን ጠያቂው ነው፤ በስልካችሁ ድረ ገጽ ስትከፍቱ የምትነኩት እርሱን ነው። እንግዲህ አንዱ ሰጪ፣ አንዱ ተቀባይ ነው። እኛ ሁላችን በየስልካችን ጠያቂዎች ብቻ ሆነን ስንኖር፣ ሰጪዎቹ በሩቅ አገር በታላላቅ አዳራሾች የተደረደሩ የጥቂት ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ሆነዋል። የሠርጋችን ፎቶግራፍ፣ የእናቶቻችን ድምፅ፣ ወጣቶች የሚጽፉት ግጥም ሁሉ ያለው በእነርሱ ግምጃ ቤት ነው። እኛም ማለዳ ማለዳ እየተነሣን የገዛ ራሳችንን ንብረት ለማየት በደጃቸው እንቆማለን። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ በመኳንንት ደጅ ወራትን ይቆም እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያጫወቱን ደጅ ጥናት፣ መልኩን ለውጦ በእጃችን መዳፍ ላይ መጥቷል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ፣ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ብራውዘርና የመጀመሪያውን ሰርቨር ሲሠራ፣ ብራውዘሩ ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን መጻፊያም ነበር። ሰርቨሩም ኔክስት የተባለ አንድ ኮምፒውተር ነበር። በላዩም «ይህ መኪና ሰርቨር ነውና አታጥፉት» የሚል፣ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ሳያውቅ ቢያጠፋው በዚያን ጊዜ የነበረው የድረ ገጽ ዓለም በሙሉ በጠፋ ነበር። ይህችን ትንሽ ወረቀት አስቡልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የኦፔራ ሰዎች አሳብ እንግዲህ ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ሥርዐት እንመለስ ማለት ነበር። ጠያቂው ብራውዘር ራሱ ሰጪም ይሁን፤ ተቀባይ የነበረው ሰው አስተናጋጅ ይሁን አሉ። በሥራቸውም ውስጥ ሰው የሚገለገልባቸው ጥቂት ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው የገዛ ኮምፒውተርን ማኅደር ለወዳጅ የሚከፍት ነው፤ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ያሳያል፤ ሦስተኛው በቤት የተቀመጠውን ዘፈን ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሆኖ እንዲሰማ ያደርጋል፤ አራተኛው የመጨዋወቻ እልፍኝ ነው፤ አምስተኛው እንግዳ መጥቶ ትንሽ ማስታወሻ ለጥፎበት የሚሄድ የማቀዝቀዣ በር የሚመስል ነው፤ ሌላው ደግሞ ሰው የራሱን ድረ ገጽ ጽፎ ከቤቱ የሚያቀርብበት ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ብራውዘሩን ከፍቶ ስም ማውጣት ይበቃል።

ተቺ ሲሆኑ አስቀድሞ የመልካሙን ዋጋ መክፈል ተገቢ ነውና፣ ይህ አሳብ የተከበረ አሳብ እንደ ነበረ እመሰክራለሁ። በተማርሁበትም ሆነ ባስተማርሁባቸው ትምህርት ቤቶች የግድግዳ ጋዜጣ የሚባል ነገር ነበር። ተማሪው በእጁ ጽፎ በግድግዳ ይለጥፋል፤ ጓደኞቹም በዕረፍት ሰዓት ቆመው ያነቡታል። ማተሚያ ቤት የለም፤ አከፋፋይ የለም፤ በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል የቆመ ሰው ማንም የለም። ለጥፎ ከሄደ በኋላ ያ ልጅ ሌላ ልጅ ይሆን ነበር፤ የጻፈውን ሰው እንደሚያነበው ሲያውቅ ፊደሉን ያሳምራል፤ ውሸት ከመጻፍም ይቆጠባል። ሰው ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት ሲሸጋገር ጠባዩ ይታረማል። የኦፔራ ዩናይት ውበቱ ይህ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የግድግዳ ጋዜጣ ሰጥቶ «ለጥፍበት» አለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የኖርዌይ ሰዎች ባያውቁትም፣ ለሥራቸው የሰጡት ስም ከእርሱ የራቀ አይደለም።

አሁን ዕቃውን ገልብጠን ታችኛውን እንየው።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዳው ወደ ቤት የሚመጣው በየት በኩል ነው የሚል ነው። በአገራችን ደብዳቤ ወደ ቤት እንደማይመጣ ታውቃላችሁ። ፖስታ ቤት ሄደን በፖስታ ሣጥን ቁጥራችን እንቀበላለን እንጂ፣ ፖስተኛ በየቤቱ አይዞርም። የሣጥን ቁጥር የሌለው ሰው ከውጭ ለሚጽፍለት ሰው የለም ማለት ነው። ኮምፒውተሮችም እንዲሁ ናቸው። በመጀመሪያ የተሠራው የአድራሻ ሥርዐት የሚበቃው ለአራት ቢሊዮን ከሦስት መቶ ሚሊዮን ያህል አድራሻ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለዓለም ሁሉ ኮምፒውተርና ስልክ አልበቃም። ስለዚህ ብዙዎች በአንድ ግቢ ገብተው በአንድ የበር ቁጥር እንዲጠሩ ተደረገ። ከግቢው የወጣ መልእክት መልሱ ሲመጣ ዘበኛው አስታውሶ ያስገባዋል፤ ሳይጠራ ከውጭ የመጣን እንግዳ ግን ለየትኛው ቤት እንደ መጣ ስለማያውቅ ከበሩ ይመልሰዋል። በቤቱ ሰርቨር ያቆመ ሰው ድግስ ደግሶ እንግዶቹ ሁሉ ከግቢው በር የተመለሱበትን ሰው ይመስላል።

ኦፔራ ዩናይት ይህን ችግር የፈታው እንዲህ ነው። የሰውየው ኮምፒውተር ከውስጥ ወደ ውጭ ለኦፔራ ሰርቨር ይደውላል፤ መሥመሩንም ከፍቶ ይይዛል። እንግዳው ወደ ሰውየው ቤት ሳይሆን ወደ ኦፔራ ሰርቨር ይሄዳል፤ ያ ሰርቨርም በተከፈተው መሥመር ጥያቄውን ወደ ቤት ያደርሳል፤ መልሱንም ያመጣል። የእያንዳንዱ ሰው አድራሻ ከኮምፒውተሩ ስምና ከራሱ ስም ቀጥሎ «ኦፔራዩናይት ነጥብ ኮም» በሚል የኩባንያው ስም ያበቃ ነበር። ብልሃቱ በእውነት የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛው መንገድ የተባለው ተስፋ የፈረሰው በዚሁ ቦታ ነው። ቤቱ የራስ ነው፤ በሩ ግን የሰው ነው።

በአገራችን ቋንቋ ይህን ነገር የሚገልጽ የቆየ ቃል አለ። በቀድሞው ሥርዐት አንድ መሬት ሁለት ባለቤት ነበረው። ርስተኛው ከአያቱ የወረሰውን ያርሳል፣ ያጭዳል፣ በላዩም ጎጆ ይቀልሳል፤ ባለ ጉልቱ ደግሞ በዚያው መሬት ላይ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አለው። ገበሬው «መሬቴ» ሲል አልዋሸም፤ ባለ ጉልቱም «መሬቴ» ሲል አልዋሸም። የኦፔራ ዩናይት ተጠቃሚ ርስተኛ ሆኖ ነበር፤ ጉልቱ ግን በኦስሎ ነበረ። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች በዚህ መሣሪያ ፎቶግራፍ ሲለዋወጡ፣ በተለመደው አሠራሩ አንዱ የሌላውን ደጅ የሚያንኳኳው በኩባንያው ሰርቨር በኩል ዞሮ ነው። ኩባንያው ሰዎችን ከታላላቅ ግምጃ ቤቶች ነጻ አወጣለሁ ሲል፣ ሳይሸሽግ ነገር ግን ድምፁን ሳያሰማ ራሱን በበሩ ላይ አቆመ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚነቃው ማነው የሚል ነው። በርነርስ ሊ ኮምፒውተር ላይ ወደ ተለጠፈችው ወረቀት እንመለስ። አገልጋይ የሚተኛ ከሆነ አገልጋይ አይደለም። ብራውዘር ግን ሰው ሥራውን ሲጨርስ የሚዘጋው ነገር ነው። ተጠቃሚው ብራውዘሩን ሲዘጋ፣ ኮምፒውተሩን ሲያጠፋ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ ገጹ ከዓለም ይሰወራል። መብራት እንግዳ በሆነበት ቤት፣ ወደ ውጭ የሚልከው መሥመር ወደ ውስጥ ከሚያመጣው መሥመር እጅግ በቀጠነበት አገር፣ እንዲህ ያለ አገልጋይ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ቤት የሚገኝ አስተናጋጅ ነው። የኦፔራ ሰዎች ሰርቨር መሆንን አቀለሉት፤ አገልግሎትን ግን ማቅለል አልቻሉም፤ ወጥመዱም ይህ ነበር። ስሙን በአንድ ጠቅታ የሰጡት ሰው፣ ከስሙ ጋራ የሚመጣው ንቃት እንዳለ አልተነገረውም።

ሦስተኛው ጥያቄ የጥበቃ ነው። በሥርዐቱ መሠረት ለእንግዳ የሚታየው ባለቤቱ የመረጠው ማኅደር ብቻ ነበር፤ በይለፍ ቃልም መቆለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ሰው የባንክ ወረቀቱንና የልጆቹን ሥዕል በሚያኖርበት በዚያው ኮምፒውተር ላይ በር ሲከፍት፣ መዝጊያውን በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ይህም ሁለተኛው የአገልጋይ ድካም ነው፤ ስለ እርሱም የተነገረው ጥቂት ነበር።

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚደንቀውን ነገር ልንገራችሁ። ኦፔራ ዩናይት በወጣ ጊዜ በአገራችን ኢንተርኔት ከገባ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ ተጠቃሚው ግን ከመቶው ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ስልክ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ የዚያው ኩባንያ ስም በኢትዮጵያ ወጣቶች ዘንድ ታወቀ፤ በዩናይት ግን አይደለም። የታወቀው ኦፔራ ሚኒ በተባለው፣ ቀይ ክብ ምልክት ባለው የስልክ ብራውዘር ነው። ኦፔራ ሚኒ በ2006 እ.ኤ.አ. ለዓለም የወጣ ሲሆን፣ የሚሠራውም እንዲህ ነው፤ ድረ ገጹን የሚከፍተው ስልኩ ራሱ አይደለም፤ የኩባንያው ሰርቨር ከፍቶ፣ ጨምቆና አሳንሶ ወደ ስልኩ ይልከዋል። ሒሳብ ለሚቆጥብ ተማሪ ይህ ትልቅ ውለታ ነበር፤ እኔም አላቃልለውም። ነገር ግን አስተውሉ። አንድ ኩባንያ በአንድ ዘመን ሁለት ልጆች ወለደ። አንደኛው ሰርቨሩን ወደ ብራውዘሩ አስገባ፤ ሁለተኛው ብራውዘሩን ወደ ሰርቨሩ አወጣ። አንደኛው «አንተም ስጥ» አለ፤ ሁለተኛው «እኔ ላንብብልህ» አለ። «አንተም ስጥ» ያለው ሞተ፤ «እኔ ላንብብልህ» ያለው በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ተጠቃሚ አገኘ። ይህ የኩባንያው ብቻ ፍርድ አይደለም፤ የእኛም ምርጫ አለበት።

ኩባንያው ዩናይትን እንደሚያስቀር ያስታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተወለደ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ማለት ነው። በሩ ሲዘጋ በየቤቱ የነበሩት ሰርቨሮች አልተቃጠሉም፤ ፋይሉም በየኮምፒውተሩ ላይ ደኅና ነበር። ነገር ግን «ኦፔራዩናይት ነጥብ ኮም» የሚለው ስም ሲዘጋ፣ የሚያደርስ መንገድ የሌለበት ቤት ሆኑ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኩባንያው የብራውዘር ንግድ ለቻይና ባለሀብቶች ማኅበር ተሸጠ። በሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ርስተኛው የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ንብረታችንን ለታላላቆቹ ኩባንያዎች አደራ መስጠት ይሻላል ማለት ነዋ!» የሚል ሰው ቢነሣ ችኮላ ነው። ኦፔራ ዩናይት በወጣበት በዚያው በ2009 እ.ኤ.አ.፣ በጥቅምት ወር፣ ያሁ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ጂኦሲቲስ የሚባለውን የገጾች ከተማ ዘጋ። በዚያ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተራ ሰዎች የሠሩት የግል ገጽ ነበር። ታላቅነቱ አላዳናቸውም። ከእነርሱ ብዙዎቹ የተረፉት፣ በጎ ፈቃደኛ ሰዎች ከመዘጋቱ በፊት ተሯሩጠው ስለ ቀዱዋቸው ነው።

እኛም ይህን ትምህርት በሁለት ክረምት ተምረነዋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወደ ንፋስ መውጫ በገባ ጊዜ የከተማችን ሆስፒታል ተዘረፈ። በቤት ያለ ዕቃ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል ያን ጊዜ ያላወቀ ሰው የለም፤ በቤት ያለ ሰርቨርም ዕቃ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ያን ጊዜ ደግሞ በሩቅ ግምጃ ቤት ያለ ንብረት፣ ሳይጠፋም ሳይዘረፍም፣ ባለቤቱ ሊደርስበት የማይችልበት ቀን እንዳለ አየን። ልጆች ለፈተና የሚያጠኑበት ጽሑፍ በደኅና ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን ከእነርሱ ዘንድ አልነበረም። እንግዲህ አንዱ ክረምት «በቤትህ ብቻ አታኑር» አለን፤ ሌላው ክረምት «በሩቅ ብቻ አታኑር» አለን።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ያለ ኮምፒውተር መልሰውታል። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ዳምጦ መጽሐፉን ሲገለብጥ፣ አንዱ ቅጂ በደብሩ ይቀራል፤ ሌላው ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል። አንዱ ደብር ቢቃጠል መጽሐፉ አይሞትም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም በዚሁ መንገድ ከስምንት ሺህ በላይ ጽሑፎችን በፊልም ቀድቶ፣ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አኖረ። ብራናው ግን ከባለቤቱ እጅ አልወጣም። ይህ እውነተኛው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ድካም ግን አለበት። መገልበጥ የሚባል ድካም አለበት።

ሌላም ምሳሌ በቅርባችን አለ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከውጭ ከመለመን በአገር ማሠራት ይሻላል ብለው፣ የሚስዮን ሰዎች የነበሩትን አውሮፓውያን ባለ እጆች ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ አስቀለጡ። መድፉ በሰው ትከሻ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው አለ። አሳቡ የታላቅ ሰው አሳብ ነበር። ነገር ግን በ1868 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ሲሞቱና ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ሲወጡ፣ ጋፋት ዝም አለች። መድፉ የራስ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን የእንግዳ ነበር። መሣሪያ በቤት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ ሲሰበር መጠገን፣ ሲቆም ማስነሣት ሊያውቅ ይገባል።

በክፍል ውስጥም ይህንኑ ነገር አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን፣ በሳተላይት ተላልፎ ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ ከሩቅ የሚመጣ ስለ ነበረ ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ ገጠር ያለውም ልጅ የከተማው ልጅ የሚያየውን አየ። ነገር ግን ያ አገልጋይ ጥያቄ መስማት አይችልም ነበር። ልጅ እጁን ቢያነሣ አይቆምም፤ መብራት ቢጠፋም አይጠብቅም። በአንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ዕውቀት፣ ተቀባዩን የተቀባይነት ልማድ ያስተምረዋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ? የኦፔራ ዩናይት አሳብ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ቢከር የተባለው ብራውዘር የኩባንያ በር ሳያስፈልገው ገጽ ከብራውዘር ወደ ብራውዘር እንዲሄድ፣ ያነበበውም ሰው ቅጂውን ይዞ ለሌላው እንዲያቀብል ሞክሮ ነበር። እርሱም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራውን አበቃ፤ የቅጂው አሳብ ግን ቀና ነበር። ዛሬ ደግሞ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዊኪፔዲያን የመሰለ ሙሉ መዝገብ በአንድ ፋይል አድርጎ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ በብራውዘር ያስነብባል። በትምህርት ቤት ያለ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣ ወይም የእጅ መዳፍ የምታህል ራስፕቤሪ ፓይ የተባለች ኮምፒውተር፣ በእርሱ ሰርቨር ሆና በግቢው ገመድ አልባ መሥመር ለተማሪዎች ስልክ ሁሉ ትሰጣለች። የውጭው መሥመር ቢቋረጥም እርሷ አትቋረጥም። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የጀመረ ተማሪም በአንድ መሥመር ትእዛዝ የራሱን ማኅደር ሰርቨር አድርጎ ለክፍል ጓደኞቹ መክፈት ይችላል። የግድግዳ ጋዜጣው እነሆ ተመለሰ፤ ግድግዳውም የትምህርት ቤቱ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ዓለምን አያናውጥም። የኦፔራ ሰዎች ዓለምን ሁሉ በአንድ ቀን እናገናኛለን ብለው በር ላይ ተሰናከሉ። ከዓለም በፊት ጎረቤትህን አገልግል። በአንድ ግቢ ያሉ ሠላሳ ተማሪዎች የሚጠቀሙበት፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ሊጠግኑት የሚችሉት ሰርቨር፣ ለሩቅ ወዳጅ ተከፍቶ ሲያበቃ ባለቤቱ ከረሳው ሰርቨር ይበልጣል።

ከእንግዲህ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላችሁ ከመደነቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፣ እንግዳዬ ወደ እኔ የሚመጣው በማን በር ነው? ሁለተኛ፣ የሠራው ሰው ነገ ቢተወው ከእኔ ዘንድ ምን ይቀራል? ሦስተኛ፣ ይህን ነገር ገልብጬ ለሌላ ሰው መስጠትና ማስተማር እችላለሁን? ለሦስቱም መልካም መልስ የሚሰጥ ዕቃ ጥቂት ነው። ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ብቻ የሚመልሰውንም አትጣሉት፤ ኦፔራ ሚኒ ለድኻው ተማሪ እንደ ጠቀመ ሁሉ እርሱም ይጠቅማችኋል። ነገር ግን የጎደለውን እያወቃችሁ ተጠቀሙበት፤ ደጅ እየጠናችሁ ሳለ ቤቴ ተቀምጫለሁ አትበሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ሰርቨር የሚለውን ቃል ትርጉም አትርሱ። ብዙ ሰው የራሱ ሰርቨር እንዲኖረው የሚመኘው ጌታ ለመሆን ነው፤ ቃሉ ግን አገልጋይ ይላል። በቤቱ ሰርቨር ያቆመ ሰው መብራቱን የሚጠብቅ፣ መዝጊያውን የሚፈትሽ፣ ቅጂውን በየጊዜው ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግር፣ በሌሊት የመጣን ጠያቂ የማይመልስ ሰው ነው። ይህን ድካም የሚወድ ወጣት በንፋስ መውጫም ይሁን በስማዳ ወይም በእስቴ ቢገኝ፣ አንዲት ያረጀች ኮምፒውተር ትበቃዋለች። ይህን ድካም የማይወድ ግን የኦስሎ መሐንዲሶች ሁሉ ተሰብስበው ቢያግዙትም፣ የሰው ደጅ ከመጥናት አይወጣም።